ዱቤ ደብተር ላይ ያለ ስም

(ሀዋሳ በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ ቅዳሜ ከሰአት የተሰጠ ትምህርት ነው። ያልተገኛችሁ ስለጠየቃችሁ ከሪከርዱ ተገልብጦ ትንሽ ብቻ ተስተካክሎ ቀርቧል።)

ጌታ ይባርካችሁ፣ እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ እባካችሁ፣ ኳየሮቹ የለቀቁት ወንበር እዚህ ጋ አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ ገንዘብ ነው። ይኸው፣ ገንዘብ ስል አስራት መሰላችሁና ግማሻችሁ ስልክ ማየት ጀመራችሁ፣ አይዟችሁ አስራት አይደለም። ብድር ነው። ለሰው ያለብንና ሰው ለኛ ያለበት። ስለ ብልጽግና (ፓርቲውን አይደለም የምለው) ስንት ኮንፈረንስ ተካፍለናል፣ ስለ ብድር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሰበከ ስብከት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጽሐፉ ግን ዝም አላለም፣ ከዘጸአት ጀምሮ ህጉም ነቢያቱም ምሳሌውም ጌታ ራሱም ጳውሎስም ያነሱታል። ዝም ያልነው እኛ ነን፣ ለምን እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን፣ መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረውም ሰው አለበታ።

እስቲ ከሰፈር እንጀምር። አቶቴም በሉት ታቦር፣ የሰፈር ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ ከባንኮኒው ስር ብድግ የሚያደርጋትን ደብተር አይታችኋታል። ሽፋኗ ዘይት ጠጥቷል፣ ጠርዟ ተጣጥፏል፣ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር ታስሮባታል። ውስጧ የመታወቂያ ስም ብዙ የለም። "የአቢ እናት" ይላል፣ "ሰማያዊ በር" ይላል፣ "ባጃጅ ረጅሙ" ይላል፣ "የፓርክ ልጆች" ይላል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰሩት አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የሚኖሩት ማለት ነው። ከስሙ ስር ዳቦ፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ካርድ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ይደረደራል፣ የተከፈለው በአንድ መስመር ይሰረዛል። እና አንድ ደብተር ላይ "ዘማሪው" የሚል አይቻለሁ። በቃ ዘማሪው። ባለሱቁ ስሙን አያውቅም፣ የሚያውቀው ማታ ማታ ጊታር አንግቶ በዛ በኩል እንደሚያልፍ ነው። ከዘማሪው ስር ያልተሰረዘው ይበዛል። የየትኛው ቸርች እንደሆነ አልጠየቅኩም እናንተም አትጠይቁኝ።

ለዚህ ባለሱቅ ክርስትና ምንድን ነው? ስብከታችንን አልሰማም፣ ቲክቶክ ላይ የምንለቀውን መዝሙር አያይም፣ ደብተሩን ግን በየቀኑ ይገልጣል። መዝሙር 37፥21 ሲበደር የማይከፍለውን ሰው ማን ብሎ እንደሚጠራው ቤታችሁ ሄዳችሁ አንብቡት፣ ሰነፍ አይለውም፣ የረሳ ሰው አይለውም፣ ኃጢአተኛ ነው የሚለው።

ዛሬ እንድታዩልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በብድር ጉዳይ ጥቅስ እንለዋወጣለን። ተበዳሪው ለአበዳሪው የተጻፈውን ይጠቅሳል፣ አበዳሪው ለተበዳሪው የተጻፈውን። ያለበት ሰው "ምንም ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ ተብሎ የለ እንዴ" ይላል፣ ሉቃስ 6 ላይ አለ እውነቱን ነው፣ ግን ያ ቃል የተነገረው ለሚያበድረው ሰው ነው እኮ! ያበደረው ደግሞ "ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ" የሚለውን ሮሜ 13፥8ን በቴክስት ይልካል፣ እሱም የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው የከፈተው። ሁለቱም ቃል እውነት ነው፣ የተላከበት ቤት ነው የተለዋወጠው። ስለዚህ ዛሬ እያንዳንዳችን የራሳችንን እንድናነብ ነው የምፈልገው።

ከተበዳሪው እንጀምር። 2ኛ ነገሥት 4ን አውጡ፣ ከቁጥር 1 እስከ 7። አገኛችሁ? ከመዝሙር በፊት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለስ ወንድሜ።

ሴትየዋ ባሏ የሞተባት ናት። ባሏ የነቢያት ልጆች ከሚባሉት አንዱ ነበር፣ በዛሬ አነጋገር አገልጋይ ነበር በሉት። ኤልሳዕ ጋ መጥታ ጮኸች፣ ባሌ እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደነበር አንተ ታውቃለህ፣ አሁን አበዳሪው መጥቶ ሁለቱን ልጆቼን ባሪያ ሊያደርጋቸው ሊወስድብኝ ነው አለችው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ዕዳ ትቶ ሊሞት ይችላል። ዕዳ ያለበትን ሰው ስናይ ወይ ሰነፍ ነው ወይ እርግማን አለበት የምንለው ነገር ከዚህ ምዕራፍ ጋር አይሄድም። ጆሴፈስ የሚባለው የ1ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊማ ሰውየው የአክዓብ ቤት አዛዥ የነበረው አብድዩ ነው ይላል፣ ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ የደበቀውና እንጀራና ውሃ ያበላቸው ማለት ነው (1ኛ ነገሥት 18)፣ የተበደረውም እነሱን ለመመገብ ነው ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሰውየውን ስም አልነገረንም፣ ስለዚህ ጆሴፈስ ያለውን ለቡና ሰአት አቆዩት።

አሁን ኤልሳዕ ያላደረገውን ነገር እዩልኝ። አበዳሪውን አልረገመም። "ይሄ የጠላት ውጊያ ነው" አላለም። እኛ ብንሆን አበዳሪው ስልክ ሲደውል ጸሎት ቡድን ጠርተን "የከሳሹን አፍ ዝጋልኝ" ነበር የምንለው፣ ሰውየው ከሳሽ አይደለም እኮ ገንዘቡን ነው የጠየቀው! ኤልሳዕ የጠየቃት ቤትሽ ምን አለ ብሎ ነው። አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ አለች። ሂጂና ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ ጥቂት እንዳይሆን፣ ከልጆችሽ ጋር ግቢና በሩን ዝጊ፣ ቅጂ። ቀዳች። ልጆቹ ያቀብላሉ እሷ ትቀዳለች፣ ሌላ አምጣ ስትለው ሌላ የለም አላት ልጇ፣ ዘይቱም ቆመ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም ሰብከነዋል፣ ማድጋ አዘጋጁ፣ ጥቂት አታድርጉ፣ በሩን ዝጉ፣ አሜን። ቁጥር 7 ጋ ስንደርስ ግን ሰአት ያልቅብናል። ዘይቱ ሞልቶ ሴትየዋ ገበያ አልወጣችም፣ ተመልሳ ለነቢዩ ነው የነገረችው። የነገራትም ሶስት ነገር ነው፣ በቅደም ተከተል፣ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። በተረፈው ነው ያላት። ከሰማይ በተአምር የመጣ ዘይት፣ በእግዚአብሔር ጣት የተቀዳ፣ መጀመሪያ የገባው የት ነው? ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ የመጣው ሰውዬ ኪስ ውስጥ። ጥሩ ሰው መሆኑን እንኳ አናውቅም። አማኝ ይሁን አይሁን አልተጻፈም። ግን ብሩ የሱ ነው፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ተአምር ሰርቶ ከፈለው።

እኛ ጋ እንዴት ነው? ጌታ በር ሲከፍት፣ ውጪ ያለ ዘመድ ብር ሲልክ፣ እቁብ ሲወጣ፣ ቦነስ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው ምስክርነት ነው፣ ሁለተኛ ፎቶ ነው፣ ሶስተኛ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሄዶ አሳ ጥብስ ነው። አበዳሪው ያንን ፎቶ ያየዋል። እዛው ፌስቡክ ላይ ነዋ ያለው። እኔ በበኩሌ ምስክርነት ከመስጠታችሁ በፊት ዕዳችሁን ብትከፍሉ ደስ ይለኛል፣ ሴትየዋም ምስክርነቷን የሰጠችው በደረሰኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ ታሪክ አጭር ናት፣ እዛው 2ኛ ነገሥት ላይ ምዕራፍ 6 መጀመሪያ። የነቢያት ልጆች ቤቱ ጠበበን ብለው ዮርዳኖስ ወርደው እንጨት ሲቆርጡ ያንዱ የምሳር ብረት ከእጀታው ወልቆ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰውየው ምን ብሎ ጮኸ? "ወየው ጌታዬ፣ የተዋስኩት ነበር እኮ!" ኤልሳዕ የት ጋ ወደቀ ብሎ እንጨት ቆርጦ ጣለበት፣ ብረቱም ተንሳፈፈ፣ እጁን ዘርግቶ ወሰደው።

ይቺን ብዙ ጊዜ የጠፋ ቅባት ነው፣ የወደቀ አገልግሎት ነው እያልን እንሰብካታለን። እኔ አይመቸኝም። ሰውየው ስለ ቅባት አይደለም የጮኸው፣ የሰው ዕቃ ስለጠፋበት ነው። ብረት በዛ ዘመን ውድ ነበር፣ የነቢይ ደቀ መዝሙር ከየት አምጥቶ ይተካል? ህጉ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ዘጸአት 22፥14 ላይ ባለቤቱ አብሮ ሳይኖር የተዋሳችሁት ነገር ቢጎዳ ትከፍላላችሁ ይላል። እና ልብ በሉ፣ ሲሰራ የነበረው የአገልግሎት ስራ ነው! የነቢያት ማደሪያ ነው የሚሰራው። "ለጌታ ስራ ነው የጠፋው፣ ባለቤቱ ይባረክበታል" ማለት ይችል ነበር። እኛ እንለዋለን እኮ። ከእድር የተዋስነው ድንኳን ተቀዶ ይመለሳል፣ ወንበሩ ጎድሎ ይመለሳል፣ ከሌላ ቸርች የመጣ ሚክሰር አንድ ቻናሉ ሞቶ ዝም ተብሎ ይመለሳል፣ ሲጠየቅ "ለጌታ ነው ያበደራችሁት"። ለጌታ ቢሆንማ ኖሮ ጌታ ለአንድ ምሳር ብሎ የብረትን ተፈጥሮ አይለውጥም ነበር። የሰው ዕቃ ለሱ ይሄን ያህል ቁም ነገር ነው።

እሺ አሁን ወደ ዋስትና እንሂድ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆየት እላለሁ ምክንያቱም ከማውቃቸው በብር ምክንያት ከተጣሉ አማኞች አብዛኞቹ የተጣሉት በራሳቸው ብድር አይደለም፣ በዋስ ነው።

እቁብ እንዴት እንደሚሰራ ታውቃላችሁ። እጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ያልተከፈለ ብር ይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዳኛውና ጸሐፊው ዋስ አምጣ ይሉታል፣ ዋስ ሳያመጣ አይሰጡትም። ትክክል ናቸው። እና ያ ሰው ማን ጋ ይመጣል? እሁድ ከፕሮግራም በኋላ በሩ ጋ ጠብቆ አንተ ጋ። "ወንድሜ አንድ ፊርማ ብቻ ናት፣ እኔን ታውቀኛለህ፣ አብረን አይደል የምናገለግለው" ይልሃል። አንተም እምቢ ማለት እምነት ማጣት መስሎህ ትፈርማለህ። ስራ ስትቀጠሩም፣ ማይክሮ ፋይናንስ በቡድን ስትበደሩም ያው ነው፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይያዛል። እቁቡን በልቶ ሻሸመኔን ካለፈ በኋላ ስልኩ አይገኝም፣ አንተ ግን ካለህበት ትገኛለህ፣ ደሞዝህም ይገኛል።

ምሳሌ 6ን ከ1 እስከ 5 አንብቡት፣ አስቂኝም አስደንጋጭም ነው። ልጄ ሆይ ለባልንጀራህ ዋስ ከሆንክ በአፍህ ቃል ተጠምደሃል ይላል፣ ምን አድርግ ይላል? ጸልይ አላለም። ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ ባልንጀራህን ወጥረህ ያዘው፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ አምልጥ ነው የሚለው። ማለትም ፈርመህ ከሆነና ልክ እንዳልሆነ ከገባህ ኩራትህን ዋጥ አድርገህ ዛሬ ማታውኑ ሄደህ ከዚህ አውጣኝ በለው፣ ነገ አትበል።

ታዲያ ዋስ መሆን ኃጢአት ነው? አይደለም። ይሁዳ ለብንያም ዋስ ሆኗል፣ ዘፍጥረት 43 ላይ ለአባቱ ከእጄ ትሻዋለህ አለ፣ ምዕራፍ 44 ላይ ደግሞ ሰአቱ ሲደርስ እኔ ባሪያ ልሁንና ልጁ ይሂድ ብሎ ቆመ። ዋስ ማለት እሱ ነው። ጳውሎስም ለፊልሞና ሲጽፍ ስለ አናሲሞስ፣ የበደለህ ወይም ያለበት ነገር ካለ በኔ ላይ አስበው አለ፣ ከዛ ደግሞ እኔ ጳውሎስ በገዛ እጄ ጻፍኩ እኔ እመልሳለሁ ብሎ ጨመረ። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው ይሄን የሚጽፈው፣ ቀልዱን አይደለም፣ በገዛ እጁ ፈረመበት። ሁለቱም ሲፈርሙ ሊከፍሉ አስበው ነው። እኛ የምንፈርመው ግን እንደማንከፍል እርግጠኛ ስለሆንን ነው፣ ችግሩ እዛ ጋ ነው። ምሳሌ 22፥27 የምትከፍለው ከሌለህ ለምን ከስርህ አልጋህን ይወስድብሃል ይላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ያንን ብር ነገ ጠዋት ከኪስህ ክፈል ብትባል መክፈል ትችላለህ? ከቻልክና ሰውየውን ከወደድከው ፈርም፣ ካልቻልክ ግን ፊርማህ ውሸት ነው፣ ለዳኛው የሌለህን አለኝ እያልክ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለባለትዳሮች፣ ሚስቶቻችሁ ሳያውቁ አትፈርሙ። አልጋው የሷም ነው።

ወደ አበዳሪዎቹ ልምጣ፣ እስካሁን እጃችሁን አጣጥፋችሁ "ንገራቸው!" ስትሉ ነበር አይቻችኋለሁ።

ዘዳግም 24 ከቁጥር 10 ጀምሮ። ለባልንጀራህ ካበደርክ መያዣ ለመውሰድ ቤቱ አትግባ፣ ደጅ ቁም፣ እሱ ራሱ ያወጣልሃል። ድሃ ከሆነ መያዣው ልብሱ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መልስለት ለብሶት እንዲያድር። ከዛ ከፍ ብሎ ቁጥር 6 ላይ ወፍጮ በመያዣ አትውሰድ ይላል፣ ሰው የሚበላበትን መሳሪያ ወስደህ እንዴት ሰርቶ ይክፈልህ? የባጃጁን ቁልፍ ነጥቆ ብሬን አምጣ እንደማለት ነው፣ ወይም የአንዲትን እህት የስፌት መኪና ጭኖ ሄዶ "ሰርተሽ ክፈይኝ"።

ደጅ ቁም የምትለዋን ግን ልብ በሉልኝ። ብድሩ አለበት፣ ገንዘቡ ያንተ ነው፣ መያዣ መጠየቅም መብትህ ነው፣ ነገር ግን ከደጁ ወዲህ መግባት አትችልም። ለምን? ውስጥ ልጆቹ አሉ፣ ሚስቱ አለች፣ የተበላሸ ፍራሽ አለ፣ ሰውየው በነሱ ፊት ሰው ነው። ዛሬ በር አንሰብርም፣ ግን ስክሪንሾት እንለጥፋለን። የቸርቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ወንድም እገሌ እስካሁን አልከፈለኝም" ብሎ ከነፎቶው መልቀቅ ቤቱ ውስጥ መግባት ነው። ሚስቱ ጋ መደወል፣ አማቱ ጋ መደወል፣ የጌታ እራት ወስዶ ሲመለስ መተላለፊያ ላይ መያዝ፣ እሱም ያው ነው። ሽማግሌ አስቀምጡ፣ ሁለት ምስክር ይዛችሁ አናግሩት፣ ደጅ ቆማችሁ ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም።

ነህምያ 5ን ደግሞ እናንሳ። ዘመኑ 445 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ነው፣ የኢየሩሳሌም ቅጥር እየተሰራ ነው፣ ሁሉም በአንድ እጁ እየሰራ በአንድ እጁ መሳሪያ ይዟል፣ በኋላ በ52 ቀን የተጨረሰው ቅጥር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሪቫይቫል ውስጥ ህዝቡ ጮኸ፣ በጠላት ላይ አይደለም፣ በወንድሞቹ ላይ። ስለ ራብ እህል ለመግዛት እርሻችንንና ቤታችንን አስያዝን፣ ለንጉሡ ግብር ብር ተበደርን፣ ሴት ልጆቻችን ለባርነት ተሰጡ አሉ። ያበደሯቸው ሰዎች ጎናቸው ቆመው ድንጋይ ሲያቀብሉ የነበሩ ናቸው። ከመቶ አንድ ነበር የሚያስከፍሉት፣ ብዙ ሊቃውንት በወር ነው ይላሉ፣ እንደዛ ከሆነ በዓመት 12 ፐርሰንት ነው፣ ዛሬ ሰፈር ውስጥ "ትርፍ" እየተባለ ከሚጠየቀው ጋር ስታስተያዩት እነዛ መኳንንት ቅዱሳን ናቸው።

ነህምያ ተቆጣ፣ መኳንንቱን ሰበሰበና ገሰጻቸው፣ ዝም አሉ የሚሉት አጡ። የሚገርመኝ ቁጥር 10 ነው፣ እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም ገንዘብና እህል አበድረናል ይላል፣ ራሱን ከውጪ አላቆመም። እርሻቸውን ዛሬውኑ መልሱ፣ ከመቶ አንዱንም መልሱ አለ። እሺ አሉ። እሺታቸውን አላመነም! ካህናት ጠርቶ አስማላቸው፣ ልብሱን አራግፎ ይሄን ቃል የማይፈጽመውን እግዚአብሔር እንዲህ ያራግፈው አለ። ገዢ ሆኖ በቆየበት 12 ዓመት ደግሞ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልወሰደም፣ ማዕዱ ላይ 150 ሰው እያበላ።

እኛ መሀል በአራጣ የሚያበድር ካለ፣ ስሙን ምንም ብትሉት "ትርፍ ተጋሪ" ብትሉት "የአገልግሎት" ብትሉት፣ በሀገራችን ህግም ወንጀል ነው፣ በዚህ ምዕራፍ ግን ከወንጀልም በላይ ነው፣ ቅጥር እየሰሩ የወንድምን ቤት ማፍረስ ነው። አስራቱንም ከዛ አውጥቶ ይሰጣል ደግሞ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄ እሄዳለሁ። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው ባሪያ እልፍ መክሊት ነበረበት። አንድ መክሊት 6 ሺህ ዲናር አካባቢ ነው፣ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሰራተኛ ደሞዝ፣ ስለዚህ 60 ሚሊዮን የስራ ቀን፣ በዓመት 300 ቀን ቢሰራ 200 ሺህ ዓመት። ታገሰኝ ሁሉን እከፍላለሁ ማለቱ ራሱ ቀልድ ነው፣ ጌታው ተወለት። የጓደኛው ዕዳ ግን 100 ዲናር ነው። ስብከት ላይ "ኢምንት" እንላለን፣ እኔ ግን 100 ቀን የሰራ ሰው ደሞዝ ኢምንት አይመስለኝም፣ ከሶስት ወር በላይ ነው! ፓርክ የምትሰሩ እህቶች የሶስት ወር ደሞዛችሁን ለሰው ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጌታ ትንሽ ነውና ተወው አላለም። ያማል፣ ግን አንተን የተውኩህ ብዙ ነው ነው ያለው። ይሄ ምዕራፍ የአበዳሪው ነው። ተበዳሪ ሆናችሁ ማቴዎስ 18ን ለአበዳሪያችሁ ፎርዋርድ ካደረጋችሁ የሰው ደብዳቤ ከፍታችኋል።

እሺ ጥያቄ። ከወረቀቱ ላነብ ነው።

"ቸርች ለህንጻው ቃል ገብቼ ነበር፣ አሁን የለኝም፣ ከስልክ ላይ ተበድሬ ልክፈል?" አትበደር። ቴሌብር ላይ ሁለት ሶስት ጊዜ ነክቶ ብር ማግኘት ቀላል ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ግን ራሱ ይቆርጠዋል፣ ከዛ የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል? 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 በጎ ፈቃድ ካለ የተወደደ የሚሆነው ሰው ባለው መጠን ነው እንጂ በሌለው መጠን አይደለም ይላል፣ ይሄ የተጻፈው ስለ መዋጮ ነው፣ በቀጥታ። ሄደህ ለኮሚቴው ጊዜ ስጡኝ በላቸው። ካኮረፉ እኔ ጋ ላካቸው።

"ሙሉው እስኪሞላ ልጠብቅ ወይስ ትንሽ ትንሽ ልስጠው?" ምሳሌ 3፥28። በእጅህ እያለ ሂድና ተመለስ ነገ እሰጥሃለሁ አትበል ነው የሚለው። ያለህን ይዘህ ሂድ፣ ሳይጠይቅህ ሂድ። ሰው ብሩ ሲዘገይበት ከሚናደደው በላይ ሲደበቁት ነው የሚናደደው። መንገድ የቀየራችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ በአጭሩ በሞኖፖል አድርጎ መሄድ ሲቻል በሪፈራል የሚዞር ሰው አለ በዚህ ከተማ።

የመጨረሻው ከአንዲት እህት ነው፣ "ያበደሩኝ እናት ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ደግሞ ሰፈር ለቀዋል፣ ለቸርች ብሰጠው ይበቃል?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዘኍልቍ 5 ከቁጥር 5 እስከ 8 ላይ ቁጭ ብሏል። ሰውን የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ ዋናውን ይመልስ፣ አምስተኛውን ይጨምር፣ ለበደለው ሰው ይስጥ። ያ ሰው ባይኖር ለዘመዱ። የሚቀበል ዘመድ ከሌለ ነው ለእግዚአብሔር፣ ለካህኑ የሚሆነው። ተራውን አየሽ እህቴ? ቸርች መጨረሻ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ፈልጊ። ሰፈር ቢለቁም የእድሩን ጸሐፊ ጠይቂ፣ ቤተሰቡ የት እንደገባ ከእድር በላይ የሚያውቅ የለም። አምስተኛውን መጨመር ከቻልሽ ጨምሪ፣ ካልቻልሽ ዋናውን ይዘሽ ሂጂ።